ያልተመለሰችው ካርድ፦ የአቶ ሰሀል አዋሌ የሕይወት ታሪክ (1947–2017 ዓ.ም.)

አቶ ሰሀል አዋሌ ከአባታቸው ከአቶ አዋሌ ዋሊድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዳ ሙሰዓብ፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጭነት የሚሸፈንበትን ሸራ በመጠገን ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ልጃቸውም ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው በወፍራም መርፌና በሰም በተለሰነ ክር መስፋት ቻሉ። ቤት ውስጥ ሱማልኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገሩ አደጉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀርባቸው ሲጠየቁ፣ «ሂሳብ የምሠራው በአማርኛ ነው፣ የምቆጣው በሱማልኛ፤ ኦሮምኛ ለገበያ ነው» ይሉ ነበር።

ቁርአን ቀርተው ንባቡን ከጨረሱ በኋላ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው በ1965 ዓ.ም. ሲሞቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለአንድ ዓመት በአባታቸው ቦታ ሸራ ሰፉ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በውትድርና ተቀጠሩ። ቀጥሎም ለአየር ወለድ ተመረጡ። መርፌ የያዙበትን እጅ ያየ አሠልጣኝ ከዘላዮቹ መካከል ነጥሎ የጃንጥላ አጣፊ አደረጋቸው።

ስለዚያ የማጠፊያ ክፍል ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ጠረጴዛው ከአንድ ቤት ይረዝማል። የጃንጥላው ጨርቅ ይዘረጋል፣ ገመዶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ከዚያ እጥፋቱ ይጀመራል። እጥፋት ከተጀመረ በኋላ ማውራት ክልክል ነው። ሰው ገብቶ አጣፊውን ካናገረው የታጠፈው ሁሉ ተፈትቶ እንደ አዲስ ይጀመራል። አቶ ሰሀል ይህን ልማድ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም። ሱቃቸው የሚመጣ ደንበኛ በስፌት መሀል ሰላም ካላቸው ሰላምታውን ይመልሳሉ፤ ከዚያም የሰፉትን ይተረትሩታል። ደንበኛው ይናደዳል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

የአጣፊ ሕግ ደግሞ አንድ ነበር፦ ያጠፈ ይዘላል። አለቃው ከታጠፉት ጃንጥላዎች አንዱን ሳይመርጥ ያነሣና፣ «ያንተ ነው? በል ልበሰው» ይላል። አቶ ሰሀል በዚህ ሁኔታ ሠላሳ አንድ ጊዜ ዘለዋል። በየጃንጥላው ኪስ ውስጥ ቀኑና ያጠፈው ሰው ስም የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ትቀመጣለች። በሰላም መሬት የደረሰ ዘላይ ካርዷን አውጥቶ በደረት ኪሱ ይይዝና ለአጣፊው በእጁ ይመልሳል። አጣፊውም ሻይ ይጋብዘዋል። ይህን ያዘዘ መኮንን የለም፤ ወታደሮቹ በመካከላቸው ያቆሙት ልማድ ነው።

በዚያ ዘመን የቅርብ ጓደኛቸው አሥር አለቃ ኤልያብ ነበር። ኤልያብ ከመዝለል በፊት ሁልጊዜ ይፈራ ነበር፣ ፍርሃቱንም አይደብቅም። የሚለብሰው ሰሀል ያጠፉትን ብቻ ነው።

«ሰሀሌ፣ ዛሬ ቁርስህን በልተሃል? የተራበ ሰው ባጠፈው አልዘልም» ይላቸዋል።

«አንተ ዝለል እንጂ ጃንጥላው ሥራውን ያውቃል። ካርዴን ካልመለስክ ግን ሻይ የለም።»

በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የምሥራቁ ጦርነት የኤልያብ ሻምበል ጦር ለዝላይ ታዘዘ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ አጭር ነበር። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ከጠላት ጀርባ ባለ ኮረብታ ላይ ይወርዳሉ፤ መንገዱን ይዘጋሉ፤ በሁለተኛው ቀን ታንክና እግረኛ ከፊት ሰብሮ ይደርስላቸዋል። አየር ወለድ የሚወርደው በጀርባው መሸከም የሚችለውን ይዞ ነው፤ ሁለት ኮዳ ውሃ፣ የሁለት ቀን ስንቅ፣ ቀላል መሣሪያ። ታንክ የለውም። ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት መንገድም የለውም፣ ኋላው ሰማይ ነውና። ስለዚህ ሕይወቱ የተንጠለጠለው በጃንጥላው ገመድ ላይ ብቻ ሳይሆን በእግረኛው ቀጠሮ ላይም ነው።

አቶ ሰሀል አብረው ለመዝለል ተሰልፈው ነበር። ስም የሚጠራው መኮንን የእሳቸውን ስም ዘለለው። ሲጠይቁትም ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ «አንተ እዚሁ ሥራህን ሥራ» አላቸው። ያ ሰሞን የእናታቸው ቋንቋ የጠላት ቋንቋ የተባለበት ሰሞን ነበር፤ ምክንያቱን ማንም አፍ አውጥቶ አልነገራቸውም። በዚያ ቀን ከተለበሱት ጃንጥላዎች መካከል ሃያ ስምንቱን ያጠፉት አቶ ሰሀል ናቸው። ያጠፈ ይዘላል የሚለው ሕግ ግን በእሳቸው ላይ ፈረሰ።

ኤልያብ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄድ ዞር ብሎ፣ «አብረኸን ካልዘለልክ ሻዩን ሁለት ታደርገዋለህ። ደግሞ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ነው፤ ለክርስትናዋ እመለሳለሁ» አላቸው።

«ካርዴን ብቻ አምጣ» አሉት።

በወረዱ ዕለት ነፋሱ ከተገመተው በላይ ነበር። ጥቂቶች ከኮረብታው ማዶ ተወስደው ወደቁ፤ የሬዲዮው ሣጥንም ድንጋይ ላይ ተሰበረ። እግረኛው በሁለተኛው ቀን አልደረሰም። በሦስተኛውም አልደረሰም፤ መንገዱ በፈንጂ ተዘግቶ ነበርና። ለኮረብታው ውሃና ጥይት ከአየር እንዲጣል ታዘዘ። የጭነት ጃንጥላ ቀለም አለው፤ ሰማያዊ ውሃ ነው፣ ቀይ ጥይት። ዘላዩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ነገር ግን የተጣለ ጃንጥላ ተመልሶ አይመጣም። የነበሩት ቀይ ጃንጥላዎች በመጀመሪያው ቀን ኮረብታው ላይ ቀርተው ነበር። በሦስተኛው ቀን በማጠፊያው ክፍል የቀረው ሰማያዊ ብቻ ነበር።

አንድ የሞርታር ጥይት ሣጥን በሰማያዊ እንዲታሰር ትእዛዝ መጣ። አቶ ሰሀል ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ሲናቅ ከጃንጥላው ጠርዝ ላይ ክንድ የሚያህል ቀይ ጨርቅ ሰፉበት። ጠረጴዛው ላይ ሲታይ ቀዩ ጨርቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሳቸው ያዩት ከጠረጴዛው ነው፤ ሌላ የሚታይበት ቦታ እንዳለ አላሰቡም። ከታች ለሚያይ፣ በእኩለ ቀን፣ ጃንጥላው በነፋስ እየተገላበጠ ሲወርድ ግን የሚታየው ሰማያዊ ብቻ ነበር።

ሣጥኑ የወደቀው ጥይት በሚዘንብበት ገላጣ ቁልቁለት ላይ ነው። ኮረብታው ላይ ያሉት ከቀደመው ቀን ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። ሦስት ሰዎች በደረታቸው እየተሳቡ ወረዱ። ሁለቱ መንገድ ላይ ቀሩ። ሣጥኑ ጋ የደረሰው ኤልያብ ነበር። ከፈተው። ከላይ ሆነው የሚያዩት ጓዶቹ፣ ከፍቶ ሲያበቃ ለረጅም ጊዜ እጁን ሣጥኑ ውስጥ እንዳደረገ መቀመጡን ተናገሩ። ሲመለስ ተመታ።

እግረኛው የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው። ከአንድ መቶ አሥራ ሁለቱ የተመለሱት አርባ አንድ ነበሩ። መንገዱ ግን ተዘግቶ ቆይቷልና ዘመቻው «ተሳክቷል» ተብሎ ተጻፈ። አቶ ሰሀል ካጠፏቸው ሃያ ስምንት ጃንጥላዎች የአሥራ አንዱ ካርድ ተመለሰ። አሥራ አንድ ጊዜ ሻይ ጋበዙ። የኤልያብ ካርድ አልተመለሰችም። ሣጥኑን የከፈተው እሱ መሆኑን የሰሙት ከአንድ ቁስለኛ አፍ፣ ከሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆመው ነው።

በ1971 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ተሰናብተው ድሬዳዋ ተመለሱ፤ ሸራ መስፋታቸውንም ቀጠሉ። በ1974 ዓ.ም. ቤተሰቦቻቸው ከሀርጌሳ የሆኑትን ወይዘሮ ረሺዳን አገቡ። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። በ1985 ዓ.ም. የባለቤታቸው ቤተሰቦች ከስደት ወደ ሀርጌሳ ሲመለሱ አብረው መጡ። በጦርነት የፈራረሰችው ከተማ ያኔ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ አልነበራትም። አቶ ሰሀል ኮድቡር በተባለው ሰፈር ባለች አንዲት ክፍል የእግር ስፌት መኪናቸውን ተክለው ለጣሪያ አልባው ቤት ሁሉ ሸራ ሰፉ። ዛሬም በሰፈሩ ያሉ አዛውንቶች፣ «የመጀመሪያውን ዝናብ ከላያችን ያስቀረልን ሰሀል ነው» ይላሉ።

በኋላ በዋሄን ገበያ ሱቅ ከፈቱ፤ የመኪና ሸራ፣ የሻንጣ ዚፕ፣ የድንኳን ገመድ ይሠሩ ነበር። ከሱቁ ደጃፍ ለተሸካሚዎችና ለመንገደኞች ውሃ የሞላበት ሰማያዊ ጀሪካን ከነመጠጫው ያስቀምጡ ነበር። ወይዘሮ ረሺዳ አንድ ቀን ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ስላገኙት ጋዝ ቀዱበት። አቶ ሰሀል በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሰማያዊ ውስጥ ከውሃ በቀር አይገባም!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ባለቤታቸው ምክንያቱን ሳይጠይቁ አዲስ ጀሪካን ገዙ። በ2001 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮ የብቻ ነበር። የእህታቸው ልጅ ዴቆ ከድሬዳዋ መጥታ ኮድቡር በመምህርነት እየሠራች አብራቸው ኖረች። ነገር ግን ሰው አጠገብ መሆንና ብቻ አለመሆን የተለያዩ ናቸው። በዋሄን የሻይ ቤት ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት የዕድሜ እኩዮቻቸው በዚያ ጦርነት በወዲያኛው ወገን የተዋጉ ናቸው። የሱቅ ጎረቤታቸው አቶ ፉዓድ መድፈኛ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ በሆነ አገር ከሰማይ የሚወርድ ጦር ሲያሳይ ወጣቶቹ ያጨበጭባሉ። አቶ ሰሀል ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ውሃቸውን ማን ያመጣላቸዋል? ማን ነው የሚደርስላቸው?» ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ «አቦ፣ ይህ ሰውዬ ጦርነቱንም ሠርግ አደረገው፤ ስለ መስተንግዶ ይጠይቃል!» ይላሉ።

አንድ ጊዜ አቶ ፉዓድ፣ «እኛም ላይ እንደዚህ ወርደው ያውቃሉ» ብለው ጀመሩ። «አበባ ይመስሉ ነበር ወላሂ። ቃኚ መላክ አላስፈለገንም፤ ያሉበትን ጃንጥላው ነገረን። እኛ መድፉን ማስተካከል ብቻ ነበር የቀረን። አንተስ ሰሀል፣ ያኔ የት ነበርክ?»

«ልብስ እሰፋ ነበር» አሉ አቶ ሰሀል፤ ሻያቸውንም ሳይጨርሱ ተነሡ።

በ2013 ዓ.ም. አንዲት ሴት የዚፑ ጥርስ የወለቀ ቦርሳ ይዛ ሱቃቸው መጣች። በአማርኛ ሰላም አለቻቸው፤ በሀርጌሳ አማርኛ የሚናገር ልብስ ሰፊ መኖሩን የነገሯት በአንድ የእርዳታ ድርጅት አብረዋት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተናገረች። ለደረሰኙ ስሟን ሲጠይቋት «ዶርቃ ኤልያብ» አለች። የማን ኤልያብ እንደሆነ ጠየቁ። አባቷ ወታደር እንደነበረ፣ በምሥራቁ ጦርነት እንደቀረ፣ እሷም ያኔ የሁለት ወር ልጅ እንደነበረች ነገረቻቸው። አቶ ሰሀል ዚፑን ሦስት ጊዜ ሰፍተው ሦስት ጊዜ ተረተሩት። ያን ቀን አልነገሯትም።

ከዚያ ዶርቃ በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። አንድ ሳምንት ጫማ፣ አንድ ሳምንት ጃንጥላ፣ አንድ ሳምንት ምንም ሳትይዝ። እሳቸው ዋጋ አይቀበሏትም፤ እሷም ለምን እንደሆነ አትጠይቅም። «ጋሽ ሰሀል፣ ዛሬስ ተርትረዋል?» ትላቸዋለች ስትገባ። «አንቺ ስትመጪ አልተረትርም፣ ሥራዬን አስቀምጣለሁ» ይሏታል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማታ ቤት ሲገቡ ለዴቆ፣ «ዛሬም አልነገርኳትም» ይሉ ነበር። ዴቆ፣ «አብቲ፣ ነገ አለ» ትላቸው ነበር። በእኛ ልማድ የእናት ወንድም አብቲ ነው፤ አብቲን ደግሞ አያጣድፉትም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኩላሊታቸው ደከመ። ሐኪሙ በቀን ከሁለት ብርጭቆ ውሃ በላይ እንዳይጠጡ አዘዛቸው። ትእዛዙን ሲሰሙ ሐኪሙን አመሰገኑት፤ ሐኪሙም ግራ ገባው። በዚያው ሰሞን «ነገ» የሚለው ቃል አለቀባቸው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ዶርቃ መጥታ ስትቀመጥ የእግር መኪናውን ሸፈኑና ሁሉንም ነገሯት፤ ስማቸው የተዘለለበትን ሰልፍ፣ የካርዷን ልማድ፣ ያለቀውን ቀይ፣ የሰፉትን ቁራጭ ጨርቅ፣ ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን።

ዶርቃ እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «የእርስዎን ስም ከእናቴ ስም ቀጥሎ ነው ያወቅኩት። ከእሱ ኪስ ካርድ መጥቶልን ነበር፤ ሰሀል አዋሌ የሚል። ልጅ ሳለሁ እርስዎ የገደሉት ይመስለኝ ነበር። እናቴ፣ ‹አይደለም፣ እሱ ያጠፈው ተከፍቷል› አለችኝ። ሀርጌሳ ሥራ ሲገኝ የመጣሁትም እዚህ እንዳሉ ስለሰማሁ ነው።»

«ልጅ ሳለሽ ያሰብሽው ልክ ይሆናል» አሏት።

ዶርቃ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አንድ ሳምንት አልመጣችም፤ ሁለተኛውንም አልመጣችም። አቶ ሰሀል ከሱቅ ቀሩ። ቤት ሆነውም ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። ዴቆ ወደ እሷ ልሂድ ስትላቸው ከለከሏት፤ «ለሚመጣ ሰው በር ይከፈትለታል፤ ለማይመጣ ሰው መልእክተኛ አይላክበትም» አሉ።

በአራተኛው ቅዳሜ ዶርቃ ኮድቡር ድረስ በባጃጅ መጣች። አልተቀመጠችም። ከደረቷ ኪስ ጥግ ጥጓ የተበላች፣ ቀለሟ የጠፋ ካርድ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«መመለስ ያለባት በእጅ ነው ብለውኛል። እሱ አልቻለም፤ እኔ አመጣኋት» አለቻቸው።

አቶ ሰሀል የራሳቸውን የሃያ ሦስት ዓመት እጅ ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ዴቆን፣ «ሻይ አፍዪ፤ ሁለት ለእሷ። አንዱ የአባቷ ነው» አሏት። ለራሳቸው የዕለቱን ውሃ ጨርሰው ስለነበር አልጠጡም። ዶርቃ ሁለቱንም ብርጭቆ ጠጣች። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አላለችም፤ እሳቸውም አልጠየቋትም። ከዚያች ቀን በኋላ ግን «ዛሬም» የሚለው ቃል ከቤቱ ጠፋ፤ ሌሊቱንም ይተኙ ጀመር።

አቶ ሰሀል አዋሌ ሲታመሙ ከቆዩ በኋላ ሐሙስ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ወደ አኼራ ተጓዙ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ከመሞታቸው በፊት ይህ ታሪክ ሳይቀነስለት እንዲነበብ፣ ለአቶ ፉዓድም በሱማልኛ እንዲነገር አደራ ብለዋል። ዴቆ በለቅሶው ዕለት ነገረቻቸው። አቶ ፉዓድም፣ «ልብስ እሰፋ ነበር ያለኝ እውነቱን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልዋሸኝም» አሉ። ቃሬዛውን ከፊት በኩል ተሸክመው መቃብር ድረስ ማንም እንዲቀይራቸው ሳይፈቅዱ ሄዱ።

ከፈን ኪስ የለውም። ስለዚህ ካርዷ ወደ ዶርቃ ተመልሳለች።

አቶ ሰሀል የእህታቸውን ልጅ ዴቆን፣ በድሬዳዋ ያሉ እህታቸውን ወይዘሮ ፋይዛን፣ የሱቅ ጎረቤታቸውን አቶ ፉዓድን፣ እንዲሁም ወይዘሮ ዶርቃ ኤልያብን ትተው ሄደዋል። በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ የዶርቃ ስም እንዲገባ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

የዋሄኑ ሱቅ ተዘግቷል። ሰማያዊው ጀሪካን ግን ደጃፉ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ዴቆ ልትሞላው ስትሄድ ሞልቶ አገኘችው፤ ዶርቃ ቀድማት ነበር።

የተጠማ ሁሉ ከዚያ ውሃ ሲጠጣ አላህ አጅሩን፣ ምንዳውን፣ ለእሳቸው ያድርግላቸው። ከኮረብታው ላልተመለሱትም፣ ከወዲህም ከወዲያም፣ ጌታቸው ይድረስላቸው። አላህ ቀብራቸውን ሰፊና ብርሃን፣ መኖሪያቸውንም ጀነተል ፊርደውስ ያድርግላቸው። አሚን።